የጥቁር እንጨቱ ግንጣዮች

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ዛሬም ሁለቱ ቅጠላቸውን ጣሉ። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ገብቼ መለኪያውን አየሁ፤ ስልሳ ሁለት ይላል። እርጥበቱ ከሰማንያ አምስት በታች እንዳይወርድ ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። የድንኳኑ ዚፕ እስከ ወገቡ ተከፍቷል። ማን ከፈተው ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ቤት የዋሉት አባባ ብቻ ናቸው።

«ታፍነው ሰማኋቸው» አሉኝ። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው፤ ጆሯቸው ግን የቅጠል ትንፋሽ ይሰማል ማለት ነው። ምን ልበል? አባቴ ናቸው። ዚፑን ዘግቼ ወጣሁና የበረንዳውን በር በእርግጫ መታሁት። አሁን አውራ ጣቴ አብጦ ተቀምጫለሁ።

ንዴቴን እዚህ ካልጻፍሁት ሰው ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከመነሻው ልጻፈው።

ሐምሌ መባቻ ላይ፣ አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት ቅኔ ያስተማሩበት ደብር ውስጥ የነበረው ትልቁ ጥቁር እንጨት በነፋስ ወደቀ። ደብሩ ከአንበሳሜ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በዚያ ዙሪያ ሌላ ጥቁር እንጨት የለም፤ የቀረውን ሰው ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ከጨረሰው ቆይቷል። ወሬውን በሰማሁ ማግስት ሄጄ፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ሃያ አራት ግንጣይ ቆርጬ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ባሕር ዳር አመጣሁ። በሳምንቱ ግንዱ ተሰንጥቆ አለቀ። እንግዲህ የዚያ ዛፍ ዘር በዓለም ላይ ያለው እኔ ቤት፣ ሰባታሚት፣ አባባ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነው።

ግንጣይ ሥር ስለሌለው ውሃ አይስብም። ሥር እስኪያወጣ በዙሪያው ያለው አየር እርጥብ ካልሆነ ቅጠሉ ያደርቀዋል። ኮሌጁ ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራው ሥራ ይህን አስተምሮኛል። ስለዚህ ያን ዚፕ ያለውን የጨርቅ ቁም ሣጥን ከልብስ ባዶ አድርጌ፣ ውስጡን ላስቲክ አልብሼ፣ ከላይ አምፖል ሰቅዬ፣ ከታች ጉም የምትተፋ ትንሽ ማሽን አስገባሁ። ድንኳን አልነው። ግንጣዮቹ በአራት ሳፋ አሸዋ ላይ ተተክለዋል። ሃያ አራት ነበሩ፤ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ናቸው።

ማታ ታናሽ ወንድሜ ቄስ አዱኛ ከደብሩ ደወለ። የሰበካው ሽማግሌዎች ዛፉ በነበረበት ቦታ ባሕር ዛፍ እንትከል ብለው ተስማምተዋል። ቶሎ ይደርሳል፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ማደሻ እንጨት ይሆናል አሉ። አዱኛ ተከራክሮ እስከ ደመራ ቀን ጊዜ አሰጥቶኛል። ለደመራ የቆመ ችግኝ ይዤ ካልመጣሁ ጉድጓዱ የባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ! ቅኔ ቤቱ ደጃፍ!

የነገ ሥራ፦
ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ።
ሰማያዊውን ሳፋ መለወጥ። ተሰንጥቆ ያፈሳል፣ የአባባን ምንጣፍ አረጠበው።
ዚፑ ላይ ቁልፍ። (አባቴ ላይ ቁልፍ ልሠራ ነው። እዚህ ደረስሁ።)

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

መብራት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ የለም።

ማሽኗ ዝም አለች፤ አምፖሉም ጠፋ። ሰባ ስምንት። ሰባ አንድ። በእጅ መርጫ በየግማሽ ሰዓቱ ስረጭ ዋልሁ። አንሶላ ነክሬ በድንኳኑ ዙሪያ ሰቀልሁ። ባሌ ይበልጣል ቁርሱን እያኘከ፣ ለእኔም እንዲህ በየግማሽ ሰዓቱ ብትረጪልኝ በለመለምሁ ነበር አለኝ። አልሳቅሁለትም። ማድ ቤት ገብቼ ነው የሳቅሁት።

ከሰዓት በኋላ ግን ቀልዱን ተወና ድንኳኑ ከአባባ ክፍል ይውጣ አለ። አባባ ሌሊት ሌሊት ያስላቸዋል፣ እርጥበቱ ለሽማግሌ ደረት አይሆንም ይላል። እውነቱን ነው። ግን የት ላድርገው? ሳሎኑ የሰው መተላለፊያ ነው። የእኛ መኝታ ቤት መስኮቱ ከተሰበረ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የፋብሪካ መካኒክ ባል ይዤ የራሴን መስኮት የሚያስተካክል አጣሁ። ይህንኑ ስለው ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ዛሬ የተናደድሁባቸው በተራ፦ መብራት። ይበልጣል። የሰበካው ሽማግሌዎች። ባሕር ዛፍ። ይበልጣል፣ በድጋሚ።

አባባን አልጻፍኋቸውም። ቀኑን ሙሉ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን በቃላቸው ሲደግሙ፣ እኔ ስገባ ስወጣ አቋርጠው «አለሽ?» ይሉኛል። አለሁ እላለሁ። ከግንቦት ጀምሮ ለዓይናቸው ሕክምና ብለው እኛ ጋ ናቸው፤ ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይመለስም ካለ ወዲህ ግን ለምን እንደተቀመጡ ሁለታችንም አንነጋገርም። ለእነዚህ ግንጣዮች ይመስለኛል። ተማሪዎቻቸው አኩፋዳቸውን የሚሰቅሉት በዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነበር። ዝንጀሮ መጥቶ ቁራሹን ሲዘርፍ፣ የኔታ ትምህርቱን ትተው በመቋሚያቸው ያባርሩ ነበር። ይህን ሲያወሩ ብቻ ነው አሁን የሚስቁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ነገር አየሁ። ሁለተኛው ሳፋ ላይ ያለው ረጅሙ ግንጣይ ከጫፉ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። የጤፍ ፍሬ ታክላለች፣ ቀላ ያለች። አዲስ ቅጠል ካለ ሥር አለ ማለት ነው። ጮኼ አባባን ጠራኋቸው። መጥተው ጣታቸውን ሰደዱ፣ አገኟት፣ ነካ አደረጓት።

«አድጓል እንዴ? ካደገ ለምን አይወጣም ታዲያ?»

ገና ነው አልኋቸው። ጨቅላ ከማሞቂያ ክፍል ተነሥቶ ሜዳ ላይ አይጣልም አልሁ። ጣታቸውን ሰብስበው ወደ አልጋቸው ተመለሱ፤ ሲያኮርፉ አውቃቸዋለሁ።

መብራት መጣ። ሰማንያ ዘጠኝ።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ዘጠና አራት። አምስት ጊዜ ረጭቻለሁ። ሦስተኛው ሳፋ አሸዋ ላይ ነጭ ሻጋታ አገኘሁ፤ በማንኪያ ጠርጌ ጣልሁ፣ እጄን በአልኮል ታጠብሁ።

መምህር ስማቸው ደወሉ። ኮሌጁ ውስጥ ተክል ያስተምራሉ፤ ስለ ግንጣዮቹ የነገርኋቸው እኔው ነኝ፣ ሳይቸግረኝ። ዘጠኝ ሳምንት አልፏል፣ አንዱን ንቀይና ሥሩን እይ አሉኝ። ደግሞም ድንኳኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መክፈት ጀምሪ፣ ካልለመዱ ሲወጡ ይሞታሉ አሉኝ። አልነቅልም አልሁ። የተነቀለ ግንጣይ ፀጉር የመሰለ ሥሩ ይበጠሳል፤ ካሉኝ አሥራ ዘጠኝ አንዱንም ለማየት ብዬ አልገድልም። ከዚያም እኒህ ሰውዬ ራሳቸው ቢሯቸው ያለውን አበባ አድርቀው የጣሉ መሆናቸውን አስታውሼ የባሰ ተናደድሁ። አልነገርኋቸውም እንጂ።

ፈርቻለሁ። ሌላ ቦታ አልናገረውም፣ እዚህ ልጻፈው። መንቀል የፈራሁት ለሥሩ ብዬ ብቻ አይደለም። ማየት ፈርቼ ነው።

ማታ ራት ላይ አባባ ነገ ምን ቀን ነው አሉ። ያውቁታል፤ እንድንል ነው የፈለጉት። ሩፋኤል ነው አለ ይበልጣል። ይዘንባል ወይ አሉ። በሩፋኤል ያልዘነበበት ዓመት አለ እንዴ አልናቸው። ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው፣ የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው፤ ልጆች ሳለን ልብሳችንን ጥለን «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያልን ግቢውን እንዞር ነበር። እናታችን ሊጥ ውስጥ ጠብ ታደርገው ነበር። አባባም ነገ ዝናቡ ሲመጣ ደጅ አስወጪኝ አሉ። እኔ ሥራ ነኝ፣ እትዬ ጥሩዬን ከጎረቤት ልጥራልዎት አልሁ። ግድ የለም አሉ።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ራት እንኳ ሳላቀርብ ነው የምጽፈው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ዘነበ። እንዴት ያለ ዝናብ! ከሐይቁ በኩል ጠቁሮ መጣና ወረደ። እኔ ላብራቶሪው መስኮት ላይ ቆሜ፣ እሰይ፣ ዛሬ እርጥበቱ አይወርድም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጅል።

ለምሳ ስመጣ ፀሐይ ወጥቶ ግቢው ይጨሳል። አራቱም ሳፋዎች ግቢው መካከል ተደርድረዋል። አራቱም። አባባ በዱካ ላይ ከአጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸው ከገላቸው ተጣብቋል፣ ውሃ ከጢማቸው ይንጠባጠባል፣ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ፈክቷል። ግድግዳውን እየዳሰሱ አንድ በአንድ ተሸክመው አወጧቸው። ለእያንዳንዳቸው ሩፋኤል አሳድገው ብያለሁ አሉኝ። አንዱንም አልዘለልሁም አሉ።

ዘጠኝ ሳምንት በጉም ውስጥ የኖረ ቅጠል! በዚያ ዝናብ ተደብድቦ፣ በላዩ የቀትር ፀሐይ! ቅጠሎቹ ተኮማትረዋል። ያቺ የጤፍ ፍሬ የምታክለው ተቀንጥሳ አሸዋው ላይ ወድቃለች።

ምን እንዳልሁ ልጻፍ። ካልጻፍሁት ነገ አላልሁም እላለሁ።

«ዓይንዎ ብቻ መስሎኝ ነበር የጠፋው» አልሁ። «ለካ ልብዎም ጠፍቷል።»

አባቴን። መሪጌታን። ተማሪዎቻቸው ጳጳስ ሆነው እንኳ ጉልበታቸውን የሚስሙላቸውን ሰው። ከዱካው ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። አልደገፍኋቸውም። ሳፋ ተሸክሜ ነበር።

እትዬ ጥሩዬ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ሰምተዋል። ተይ ልጄ፣ ለበጎ ነው አሉኝ። ለበጎ ነው! በዚህ አገር አንድ ነገር ሲበላሽ ሁሉም ሰው አፉ ላይ የተዘጋጀ ቃል አለው። ምኑ ነው በጎው ብዬ ጮህሁባቸው። ገቡ።

ማሽኗን እስከ መጨረሻ ከፈትኋት። ዘጠና ሰባት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆጠርሁ፤ አሥራ አራቱ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ አምስቱ ቆመዋል። ልክ ነኝ። ያልሁትም ልክ ነው። ካፈርሁ አይመልሰኝ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

አባባ ቁርስ አልበሉም። ይበልጣልን ጠርተው ነገ ከመናኸሪያ የአንበሳሜ መኪና ላይ አስቀምጠኝ አሉት። ምነው፣ ዓውደ ዓመቱን ከእኛ ጋር አይውሉም ወይ ሲላቸው፣ ደብሬ ናፈቀኝ ብቻ አሉ። የተናገርሁትን አልነገሩትም። ይህ ነው ያቃጠለኝ። ቢነግሩት ይበልጣል ይቆጣኝ ነበር፣ እኔም መልሼ እቆጣው ነበር፣ ይወጣልኝም ነበር። እሳቸው ግን ውጠውት ተቀመጡ።

ያስነጥሳቸዋል። ዝናቡ ነው። ሻይ በዝንጅብል አፍልቼ አልጋቸው አጠገብ አስቀመጥሁ። እግዜር ይስጥልኝ አሉ፣ ለባዕድ ሰው እንደሚባለው።

ከሥራ መልስ መምህር ስማቸውን ይዣቸው መጣሁ። ሽማግሌ የሠራውን ጥፋት እንዲያዩልኝ፣ እውነት ነው፣ እሳቸው ናቸው የገደሏቸው እንዲሉልኝ ነበር የፈለግሁት። ድንኳኑን ከፍተው ጎንበስ አሉ። ሳይጠይቁኝ የጠወለገውን አንዱን ያዝ አድርገው ሳቡት። ሰተት ብሎ ወጣ፣ እንደ ሻማ። ከታች ጥቁር ነው። ሥር የለውም። በጥፍራቸው ቢነኩት ልጣጩ ተገፈፈ፤ የበሰበሰ ድንች ሸተተን።

ሁለተኛውን እኔ ሳብሁት። ጥቁር። ሦስተኛውንም። ያ አዲስ ቅጠል ያወጣው ረጅሙም ጥቁር። አሥራ አራቱንም ነቅዬ ምንጣፉ ላይ ደረደርኋቸው፤ አንድ እንኳ፣ ክር የምታክል ሥር ያለው የለም።

«እነዚህ ትናንት አልሞቱም» አሉ መምህር ስማቸው። «ወር ሆኗቸዋል። አረንጓዴ አድርጎ ያቆያቸው ጉሙ ነው።»

አዲሱ ቅጠልስ አልሁ። ግንዱ ውስጥ በነበረው ስንቅ ነው አሉ፤ ስንቁ ያለቀ ቀን ያቆም ነበር። ከዚያ አንዱን ሳፋ በአንድ ጎን ዘንበል አደረጉት። ውሃ ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ታየ፣ አረንጓዴ ነገር ይዋኝበታል። ውሃው በየት ይወጣል ብለው ጠየቁኝ።

በየትም አይወጣም። ሳፋዎቹን አልበሳኋቸውም። አባባ ምንጣፍ ላይ እንዳይፈስ ብዬ። ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ፣ በላዩ እረጫለሁ፣ በላዩ ማሽኗ ትተፋለች፣ የሚወጣበት የለም። ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ምን እንደምለው አውቃለሁ። ከቆሙት አምስቱ ሦስቱ ያሉት በሰማያዊው ሳፋ ነው፤ ልቀይረው ስል የነበረው፣ የሚያፈሰው። መምህር ስማቸው አምስቱን በቀስታ ሳብ ሳብ አድርገው አዩአቸው። አልመጡም። ይዘዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አባባ ቤት አልነበሩም፤ ይበልጣል ከካህናት ዘመዶቻችን ጋር ሊያሰናብታቸው ይዟቸው ወጥቶ ነበር። ሲመለሱ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። የሞቱትን በፌስታል አስሬ ጓሮ ጣልሁ፤ ራት አቀረብሁ፤ ስለ መኪናው ሰዓት አወራን። አልነገርኋቸውም።

ትናንት የጻፍሁትን አነበብሁት። «ልክ ነኝ» ይላል። ገጹን ልቀድደው ነበር፤ ተውሁት፣ ይቀመጥ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ለይበልጣል ሁሉንም ነገርሁት። ያልሁትንም ጭምር። ሂጂ እግራቸው ላይ ውደቂ አለኝ። እወድቃለሁ፣ ግን እሳቸውም ሳይጠይቁኝ ማውጣት አልነበረባቸውም አልሁት። ቤቱ የእኔ ነው፣ ድካሙም የእኔ ነው፣ አንድ ጊዜ ልክፈተው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ ምን ነበር? ይህን እስከ አሁን አምናለሁ። ይበልጣል፣ የሺ፣ ከሰው ጋር መከራከር ትተሽ ከራስሽ ጋር ጀመርሽ እንዴ አለኝ። የተሰበረ መስኮት የማይሠራ ሰው እንዲህ ሲመክር ደስ አይልም። ግን ገባሁ።

አባባ ተነሥተው ዕቃቸውን ሸክፈዋል። ዕቃ የሚባል የላቸውም፤ ዳዊታቸው፣ ጭራቸው፣ አንድ ቅያሪ ልብስ። መቋሚያው ግድግዳ ተደግፏል። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«አባባ፣ የገደልኋቸው እኔ ነኝ። ዝናቡ አይደለም።»

ስለ ሳፋው ነገርኋቸው፣ ስለ መበስበሱ፣ ስለ ጉሙ። ቀጥ ብለው ሰሙኝ፤ ተማሪ ቅኔ ሲያቀርብላቸው እንደሚሰሙት፣ ጭንቅላታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው። ስጨርስ ስንት ቆሙ አሉ። አምስት አልሁ። ከዚያ ቀስ ብለው ስለ አንድ ተማሪያቸው ነገሩኝ፤ ድምፁ ያማረ፣ የሰማውን ሁሉ በማግስቱ የሚደግም። ሦስት ዓመት ሊቅ ይወጣዋል ብየ በሰው ፊት ሳሞግሰው ኖርሁ አሉ፤ አንድ ቀን ትርጉሙን ፍታው ብየ ጥቂት ብጠይቀው የሚለውን አንዱንም አያውቀውም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም አሉ፣ ሦስት ዓመት ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ አሉ።

ይህን ሰምቼ ማርሁሽ የተባልሁ መስሎኝ ጉልበታቸውን ሳምሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። ግን ያልሁትን የረሱት መስሎኝ ከነበረ ተሳስቻለሁ።

«ይቅር ብየሻለሁ» አሉኝ። «መስማቱን ግን ሰምቻለሁ።»

ውጪ ልጆች ለነገ የአደይ አበባ ሊለቅሙ እየተጠራሩ ያልፋሉ። እኔ ወለሉ ላይ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። ብስጭቴ ወዴት ሄዶ ይውጣ? መብራት አለ። ይበልጣል መስኮቱን ሊሠራ መፍቻ እየፈለገ ነው። ባሕር ዛፉ ገና አልተተከለም። የምቆጣው ሰው አጣሁ፣ ከራሴ በቀር፤ ራሴን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስረግም ውዬ ደከመኝ።

ለአዱኛ ደወልሁለት። አምስት ናቸው አልሁት። አንድም ቢሆን ይዘሽ ነይ አለ። አባባ ስልኩን ተቀብለው፣ ዛሬም ነገም አልመጣም፣ እነዚህ ይጠንክሩና ለደመራ ከነሱ ጋር እመጣለሁ አሉት። ከነሱ ጋር ነው ያሉት። ከየሺ ጋር አላሉም። ሰምቻለሁ፣ እኔም መስማቱን።

ሳፋዎቹን በሚስማር በሳኋቸው። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወጣ። አምስቱን ወደ አዲስ አሸዋ ሥራቸው ከያዘው ጋር አዛወርኋቸው፤ አባባ አምፖሉን ያዙልኝ፣ ለማይታያቸው ብርሃን። የአንዱን ሥር አየሁት፤ ነጭ ነው፣ የጣት ግማሽ ይሆናል። በጣታቸው ጫፍ እንዲነኩት አደረግሁ። እጃቸውን ቶሎ አነሡ፣ እንዳይጎዱት።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

ዓውደ ዓመት ነው። ሁለት ልጆች አበባ አየሆሽ ብለው ሄዱ። አዲስ ቀሚሴን ለብሼ የመጀመሪያ ሥራዬ መለኪያ ማየት ሆነ፤ ሰማንያ ስምንት።

መምህር ስማቸው በላኩልኝ መመሪያ መሠረት ከዛሬ ጀምሮ ድንኳኑ በየቀኑ ጥቂት ይከፈታል። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ እጥፉ፣ በአሥረኛው ቀን ሙሉ በሙሉ። አየሩን እንዲለምዱ። ከዚያ ጥላ ሥር፣ ከዚያ መንገድ፣ እግዚአብሔር ካለ።

ሳሎን ውስጥ ድፎውን ስቆርስ አባባ ከክፍላቸው ጠሩኝ።

«የሺ፣ ልክፈተው ወይስ ልተወው?»

ቢላው እጄ ላይ ቆመ። ትናንት ይበልጣል ላይ የጮህሁበት ነገር ይኸው፣ ጠየቁኝ። በሬን አንኳኩቶ እንደሚገባ ሰው፣ ውሃ ልጠጣ ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ እንግዳ ጠየቁኝ። ድምፃቸው ጥሩ ነው፣ ቂም የለበትም። እሱ ነው የባሰብኝ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምሁ።

እርስዎ ደስ እንዳለዎት ያድርጉት አልኋቸው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንች ንገሪኝ አሉኝ። አራት ጣት ያህል አልሁ። ዚፑን ዳስሰው አገኙና ሳብ አደረጉት፣ አራት ጣታቸውን አስገብተው ለኩ፤ ጥቂት በልጦ ስለነበር መልሰው ዘጉት፣ ልክ አራት ጣት እስኪሆን። ከዚያ እንዲህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ነው አልሁ።

አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ሰባ አራት ይላል። አምስቱም ቆመዋል፤ አንዱ ብቻ ጫፉን ትንሽ ደፋ አድርጎ ተመልሷል። ይበልጣል መስኮቱን ሠርቶ እጁን ቆርጦ ፕላስተር ለጥፏል። አባባ ዱካቸውን ድንኳኑ አጠገብ አስጠግተው ተቀምጠዋል። በየሰዓቱ ልዝጋው ወይ፣ ልጨምርለት ወይ ይሉኛል። በየሰዓቱ እመልስላቸዋለሁ።

ችግኞቹ ለደመራ የሚደርሱ ይመስለኛል። አባባ ሳይጠይቁኝ የሚከፍቱበት ቀን ግን መቼ እንደሚመጣ አላውቅም።